ከፈትል መንኰራኩር እስከ ጠፈር መንኰራኩር፤ የብሔራዊ ኩራት ባለቤት ማን ነው?

ብሔራዊ ኩራት ከፍተኛ የፖለቲካ ኃይል መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ባዶ እጁን ያለ ሕዝብ መሣሪያ በታጠቀ ቅኝ ገዢ ፊት ደረቱን ነፍቶ እንዲቆም ያደርጋል፤ በድህነት የሚማቅቅ ሕዝብ ግድብ እንዲገድብና ፋብሪካ እንዲተክል ያነሣሣል። ይኸው ኃይል በሌላ እጅ ሲገባ ግን የሠራተኛውን የደመወዝ ጥያቄ ጸጥ ለማሰኘት፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ለማስነሣት፣ የአንድን መሪ ስም ከአገር ስም ጋር ለማጣበቅ ያገለግላል። ስለሆነም ስለ ብሔራዊ ኩራት በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው «ኩራቱ ምን ያህል ነው?» የሚለው ሳይሆን «የኩራቱ ባለቤት ማን ነው?» የሚለው ነው እንላለን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት የሕንድን ያህል ሰፊ የመመርመሪያ መስክ አይገኝም። ሕንድ በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት በ2023 በሕዝብ ብዛት ቻይናን የበለጠች አገር ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛም ባዳ አይደለችም። በ1941 በከረን ተራሮች ላይ የፋሺስት ኢጣሊያን ምሽግ ከሰበሩት ወታደሮች መካከል ብዙዎቹ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የተሰለፉ የሕንድ ልጆች ነበሩ። የራሳቸው አገር ነፃ ሳትወጣ ለሌላው ነፃነት ደማቸውን አፍስሰዋል። ከዚያ በኋላም በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩትን ሕንዳውያን መምህራን በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን አይዘነጓቸውም።

ኩራት ከታች ሲበቅል

እንግሊዝ ሕንድን በምትገዛበት ዘመን ሕንዳዊው በገዛ ባሕሩ ዳርቻ ጨው እንዳያመርት ተከልክሎ፣ ግብር የተጫነበትን ጨው እንዲገዛ ይገደድ ነበር። ማርች 12 ቀን 1930 ማሕተማ ጋንዲ ከሳባርማቲ 78 ተከታዮቻቸውን ይዘው በእግር ተነሡ። 385 ኪሎ ሜትር ያህል በ24 ቀናት ተጉዘው ዳንዲ ከተባለችው የባሕር ዳርቻ መንደር ደረሱ። ኤፕሪል 6 ቀን ጎንበስ ብለው ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ ጨው ከመሬት አነሡ። ድርጊቱ ይኸው ብቻ ነበር። የዓለም ታላቅ የተባለው ግዛት ግን በአንድ ጭብጥ ጨው ተናወጠ።

አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ከነበሩ አባቶች ለተወለድን ለእኛ የዚህ ድርጊት ትርጉም አይሰወርብንም። ጨው የማይገባበት ማጀት የለም። ጋንዲ ከምሁራን ክርክር ይልቅ ጨውን የመረጡት የነፃነትን ጥያቄ ከእያንዳንዱ ድሃ ቤት ምድጃ አጠገብ ለማድረስ ነበር። በዚያው ትግል ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወኅኒ ወረዱ። የፈትል መንኰራኩሩም ነገር እንዲሁ ነው። የላንክሻየር ፋብሪካዎች ጨርቅ የሕንድን ሸማኔ ገበያ አሳጥቶት ስለነበር፣ ጥጥን በቤት ፈትሎ መልበስ ከልብስነት አልፎ የኢኮኖሚ ትግል ሆነ። በመሆኑም የዚያን ጊዜው የሕንድ ኩራት ከአዋጅ የወረደ ሳይሆን ጨው በሚቃመስና ጥጥ በሚፈተል እጅ የተሠራ ኩራት ነበር።

ነፃነቱ ኦገስት 15 ቀን 1947 ሲመጣ ግን ከመከፋፈል ጋር መጣ። ቅኝ ገዢው እየወጣ ሳለ በተሰመረው ድንበር የተነሣ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ተገደለ። አንዱ ወገን «አገሩ የእኔ ነው፣ አንተ ግን እንግዳ ነህ» ማለት ሲጀምር ኩራት ወደ ምን እንደሚለወጥ ሕንዳውያን ከነፃነታቸው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በደም ተምረውታል።

ከዚህ እሳት መካከል የተነሣው ሕገ መንግሥት ረቂቅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዶክተር አምቤድካር ነበሩ። እኝህ ሰው የተወለዱት «የማይነኩ» እየተባሉ ከሰው ተራ ከተገለሉት ወገኖች ነው። በልጅነታቸው ከሌሎች ተማሪዎች እኩል ውሃ መጠጣት የተከለከሉት ሰው የአገሪቱን ታላቅ ሕግ አረቀቁ፤ አንቀጽ 17ም ሰውን «የማይነካ» ብሎ ማግለልን ሻረ። ኖቬምበር 25 ቀን 1949 ባሰሙት የመጨረሻ ንግግር ግን ደስታን ብቻ አላበሠሩም። በፖለቲካ ረገድ እኩልነትን ልናገኝ ነው፤ በኑሮና በማኅበራዊ ሕይወት ግን ልዩነቱ አብሮን ይቀጥላል፤ ይህን ቅራኔ ቶሎ ካልፈታነው የሠራነውን ሁሉ ያፈርሰዋል ሲሉ አስጠነቀቁ። በፖለቲካ ውስጥ ሰውን እንደ አምላክ ማምለክ መጨረሻው አምባገነንነት መሆኑንም አከሉበት።

በ1951 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶው 18 ያህል ብቻ ነበር። ይህም ሆኖ በ1951 እና በ1952 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ 173 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በመራጭነት ተመዘገበ። ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የጥማድ በሬ ወይም የማጭድና የእሸት ሥዕል በተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ ድምፁን ጨመረ። ማንበብ አለመቻል ማመዛዘን አለመቻል አለመሆኑን ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አስመስክረዋል።

ኩራት ከላይ ሲታወጅ

ነፃይቱ ሕንድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከለቻቸው ሥራዎች፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የቆመው የቢላይ የብረት ፋብሪካም ሆነ የባክራ ግድብ፣ ለሕዝቡ እውነተኛ የኩራት ምንጭ ነበሩ። ብረቱም፣ መብራቱም፣ የመስኖ ውሃውም የሚታይና የሚዳሰስ ነበር። ነገር ግን በጊዜ ብዛት ሌላ ዓይነት ኩራት ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ሜይ 8 ቀን 1974 ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የሚሆኑ የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የጉርሻና የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጥያቄ ነበር። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩትን አሠረ፤ ቤተሰቦቻቸውንም ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ቤቶች አስወጣ። አድማው ገና ሳይበርድ፣ ሜይ 18 ቀን፣ ሕንድ በራጃስታን በረሃ የመጀመሪያውን የኑክሌር ፍንዳታ ሙከራ አደረገች። ጋዜጦቹ በደስታ ተሞሉ። ፍንዳታው የተዘጋጀው አድማውን ለማስረሳት ነው ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ የብዙ ዓመታት ዝግጅት ይጠይቃል። ሊሰመርበት የሚገባው ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን መቆማቸውና፣ ኩራቱ በታወጀበት ሳምንት የባቡር ሠራተኛው ልጅ ከነጓዙ ጎዳና ላይ መሆኑ ነው። አድማው በሃያ ቀን ተሰበረ።

ከዓመት በኋላ፣ ጁን 25 ቀን 1975፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስነገሩ። የተቃዋሚ መሪዎች በሌሊት ታፈሱ፤ ጋዜጦች በሳንሱር ሥር ወደቁ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ያለ ፍርድ ታሠረ። የገዢው ኮንግረስ ፓርቲ ሊቀ መንበር ዴቭ ካንት ባሩዋ ኢንዲራ ማለት ሕንድ፣ ሕንድ ማለትም ኢንዲራ ናት እስከ ማለት ደረሱ። አምቤድካር ያስጠነቀቁት አምልኮ በግልጽ ቋንቋ ተነገረ። ባቡሮች በሰዓታቸው መድረሳቸው ሲወደስ፣ በሌላ በኩል በማምከን ዘመቻው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ድሆች፣ ብዙዎቹ በግዳጅና በማባበል በቀዶ ጥገና መሃን እንዲሆኑ ተደረገ። የአሮጌይቱ ዴልሂ ድሆች ቤቶች በቡልዶዘር ፈረሱ።

የሦስት ምርጫዎች ፍርድ

በማርች 1977 ምርጫ ሲደረግ ብዙዎች የጠበቁት ድሃው ሕዝብ ለነፃነት ደንታ የለውም፣ የሚፈልገው ሥርዓትና እንጀራ ብቻ ነው የሚለውን ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ኢንዲራ ጋንዲ በገዛ ወረዳቸው በራይ ባሬሊ ተሸነፉ፤ ፓርቲያቸውም ከነፃነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥልጣን ወረደ። የባቡር ሠራተኞቹን አድማ የመሩት ጆርጅ ፈርናንዴዝ እስር ቤት ሆነው ተመረጡ። የሕንድ መራጭ በአንድ ቀጭን ወረቀት የመለሰው መልስ ይህ ነበር፤ ሕንድ ማለት ሕንድ ናት፣ ማንም ሌላ አይደለም። የተተኩት መሪዎች እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ጊዜ ባባከኑበትም ወቅት፣ በጃንዋሪ 1980፣ ያው መራጭ ኢንዲራን መልሶ አመጣቸው። ባለቤት የሆነ ሰው ሲሻው ያወርዳል፣ ሲሻውም ያወጣል።

ሁለተኛው ፍርድ በ2004 የተሰጠው ነው። በሜይ 1998 በፖክራን ዳግም የኑክሌር ሙከራ ተደርጎ በየጎዳናው ጣፋጭ ሲታደል፣ የ1974ቱ አድማ መሪ ፈርናንዴዝ የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ታሪክ ሰውን ምን ያህል እንደሚያዟዙር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ፓኪስታንም በዚያው ወር የራሷን ሙከራ አደረገች፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች በኩራታቸው መካከል ስጋታቸውን አበዙ። ከዚያም መንግሥት «ሕንድ ታበራለች» የሚል መፈክር አንግቦ ወደ 2004 ምርጫ ሄደ። በታላላቅ ከተሞች አዳዲስ ሕንፃዎችና የኮምፒዩተር ኩባንያዎች በእርግጥ ያበሩ ነበር። በዕዳ ተይዞ የዝናብ ደመና የሚጠብቀው ገበሬ ግን ብርሃኑ ከደጁ አልደረሰም ነበርና መንግሥቱን አወረደው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2005፣ ለገጠር ቤተሰብ በዓመት የመቶ ቀን ሥራ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በድምፅ የተነገረ ቁጣ ወደ እንጀራ የተለወጠበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው።

ሦስተኛው ፍርድ የቅርብ ጊዜ ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1992 በአዮድያ ከተማ የሚገኘውን የባብሪ መስጊድ የተቆጣ ሕዝብ አፈረሰው፤ በተከተለው ሁከት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ሙስሊም፣ ሞተ። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መስጊዱን ማፍረስ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጾ፣ ቦታው ለሂንዱ ቤተ መቅደስ እንዲሰጥ ወሰነ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በተገኙበት ቤተ መቅደሱ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ብዙ ሚሊዮን ምእመናን በቅን ልቡና ተደሰቱ፤ በዚህ የሚነቅፋቸው ሊኖር አይገባም። ዳሩ ግን በዓሉ የአንድ ሃይማኖት በዓል ሆኖ ሳለ የመላው አገር ትንሣኤ ተብሎ ሲታወጅ፣ ከዚያ በዓል ውጭ የቀረው የሕንድ ልጅ ዜግነቱ በግማሽ የተቆረጠ ያህል ተሰማው።

በጥቂት ወራት ውስጥ ምርጫው መጣ። ወደ 640 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። ከአጋሮቹ ጋር 400 መቀመጫ አገኛለሁ ብሎ የፎከረው ገዢ ፓርቲ በ2019 ከነበረው 303 ወርዶ ከ543 መቀመጫዎች 240 ብቻ አገኘ፤ በአጋሮች ድጋፍ ካልሆነ በቀር መንግሥት ማቆም አልቻለም። አዮድያ በምትገኝበት በፋይዛባድ ወረዳ ሳይቀር ተሸንፎ፣ መቀመጫውን ከዳሊት ወገን የተወለዱ የተቃዋሚ እጩ ወሰዱት። ለመንገድ ማስፋፊያ ሲባል ሱቃቸውና ቤታቸው የፈረሰባቸው የከተማይቱ ነዋሪዎች ቅሬታ በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። በአምላካቸው የሚኮሩት ሰዎች በጣራቸው ጉዳይ አልተታለሉም።

የጠፈሩ መንኰራኩርና የምድሩ ሠራተኛ

በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ወቅት፣ በሴፕቴምበር 2014፣ የሕንድ መንኰራኩር በመጀመሪያ ሙከራው የማርስን ምህዋር ሲይዝ አብረውን ይማሩ የነበሩ ሕንዳውያን እንደ ሠርገኛ ሲዘፍኑ አድረዋል። በማግስቱ እነዚያው ጓደኞቻችን በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ካስት ሲከራከሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ከመካከላቸው ከዳሊት ወገን የሆነው «ማርስ ደርሰናል፤ በመንደሬ ካለው የውሃ ጉድጓድ ግን ገና አልደረስኩም» አለ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ እንጂ ከሀዲ ብለው አልሰደቡትም። በትናንት ምሽቱም ዘፈን እርሱ ከሁሉ በላይ ጮሆ ሲዘፍን ነበርና።

ኦገስት 23 ቀን 2023 ቻንድራያን 3 የተባለችው መንኰራኩር በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አካባቢ በሰላም ያረፈች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ የሕንድ ሳይንቲስቶችና ቴክኒሻኖች የላብ ውጤት ነው፤ የሦስተኛው ዓለም ልጅ ሁሉ ሊደሰትበት ይገባል። ዳሩ ግን ወደ 800 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ በነፃ የሚታደለው የስንዴና የሩዝ ቀለብ ከ2024 ጀምሮ ለአምስት ዓመት እንዲራዘም የወሰነውም ያው መንግሥት ነው። ሁለቱም ሐቆች የአንድ አገር ሐቆች ናቸው። አንደኛውን ብቻ የሚናገር ሰው አገሩን አላወቀም፤ ወይም ሌላው እንዳያውቅ ይፈልጋል።

የባንዲራውም ታሪክ ያው ነው። የሕንድ ሰንደቅ ዓላማ በእጅ ከተፈተለ ጨርቅ እንዲሠራ ለብዙ አሠርት ዓመታት በደንብ ሲታዘዝ ኖሯል። በዲሴምበር 2021 ደንቡ ተሻሽሎ በፋብሪካ የተመረተ የፖሊስተር ባንዲራም ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት በየቤቱ ባንዲራ ይሰቀል የሚል ዘመቻ ሲካሄድ፣ በካርናታካ የሚገኙ በፈትል የሚተዳደሩ ሠራተኞች እንጀራችን ተነካ ብለው ተቃወሙ። ባንዲራው በዛ፤ ባንዲራውን የሚፈትለው እጅ ግን ሥራ ፈታ።

ማርች 24 ቀን 2020 ማታ የኮሮና ወረርሽኝን ለመከላከል መላው አገር በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሲዘጋ፣ ከተሞቹን የገነቡት የቀን ሠራተኞች ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ሲጓዙ ዓለም ተመልክቷል። በኖቬምበር 2020 ደግሞ ሦስት የእርሻ ገበያ ሕጎችን የተቃወሙ ገበሬዎች በዴልሂ መግቢያዎች ሰፈሩ። አንዳንድ ፖለቲከኞችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአገር ጠላት አሏቸው። ልጃቸውን ለድንበር ጠባቂነት ልከው ራሳቸው እህል የሚያመርቱ ሰዎች ነበሩ። ብርዱንም ሙቀቱንም ችለው ከዓመት በላይ ቆዩ፤ መንግሥት በኖቬምበር 2021 ሕጎቹን ሻረ። በሕዝብ ላይ የተለጠፈው የከሀዲነት ስም በሕዝብ ጽናት ተፋቀ።

ከዚህ የምንወስደው

የሕንድ ሕዝብ ሁሉን ፈጽሟል ብለን አንደመድምም። ድምፅ መስጠት ብቻውን ጎጆ አያቀናም። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ሰውን በእጅ ማስጠረግ በ2013 በወጣ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም በዚሁ ሥራ ታፍነው የሞቱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሟቾቹ ወገንም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አምቤድካር ያመለከቱት ቅራኔ ገና አልተፈታም። አገር ያለ ጋራ ኩራት አይቆምም፣ ጥያቄ ማብዛት አንድነትን ያላላል የሚል ሙግት በየአገሩ ይሰማል፤ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። መልሳችን አጭር ነው። በጥያቄ የሚፈርስ ኩራት ቀድሞውንም የተገነባ አልነበረም።

ስለሆነም ኩራት የሚመዘንባቸው ሦስት ሚዛኖች አሉ። አንደኛ፣ ማንን ያቅፋል? ጎረቤትን በእምነቱ ወይም በትውልዱ ከደጅ የሚያስቀር ኩራት የወገን ትምክህት እንጂ ብሔራዊ ኩራት አይደለም። ሁለተኛ፣ በፊቱ ጥያቄ ይጠየቃልን? የደመወዙን ነገር ያነሣ ሠራተኛ ከሀዲ ከተባለ ኩራቱ የጌቶች መጋረጃ ሆኗል። ሦስተኛ፣ ማጀት ይደርሳልን? ጋንዲ ጨውን የመረጡበት ምክንያት ይኸው ነውና።

የሠፈር ማኅበር አባላትም ሆናችሁ ሠራተኞች፣ በየስብሰባችሁ ስለ አገር ክብር ሲነገር ስታጨበጭቡ እነዚህን ሚዛኖች አብራችሁ ያዙ። ጭብጨባው የእናንተ ነው፤ ግድቡም፣ ሐዲዱም፣ ባንዲራውም የእናንተ እጅ ሥራ ነው። ባለቤቱ ንብረቱን የመመርመር፣ ሲጎድልም ለምን ጎደለ የማለት መብት አለው። የሕንድ ገበሬና ወዛደር ይህን መብቱን በ1977፣ በ2004 እና በ2024 ተጠቅሞበታል። ወደፊትም ይጠቀምበታል። በአገሩ የሚኮራ ሕዝብ አገሩን በአደራ ለሰጠው ሰው ሒሳቡን ሳይጠይቅ አያልፍም።